ነጩ ነጥብ

ኅዳር ፲፪

የልጄ ዓይን ተረፈ።

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣቱን እሺ አለሽ ወይ? እኛ ደህና ነን። ትንሿም ደህና ናት፤ ትናንት የሐኪሟን መነጽር ነጥቃ አልመልስም ብላ ስታስቸግር ዋለች።

በስልክ የሚነገር አይደለምና ልጻፍልሽ። ያን ቀን ፎቶዋን የላክሁልሽ እየተጣደፍሁ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ የካሜራው መብራት ዓይን ላይ ነጥብ ከጣለ፣ በኮምፒውተር አጥፍተን ነው የምናስረክበው። የእሷም ዓይን ላይ ያለውን ነጭ ነጥብ ላጠፋው ስል ደንበኛ መጣብኝና እንዳለ ላክሁት። ወዲያው ደወልሽ። የመብራት ነጸብራቅ ነው ብዬ ሳቅሁብሽ፤ በዚህ ዕድሜዬ ፎቶ ልታስተምሪኝ ነው ወይ አልሁሽ።

«ፎቶ አላውቅም፤ ዓይን አውቃለሁ። ዛሬውኑ ውሰዳት» አልሽኝ።

ወሰድኋት። ዕጢ ነበር። ገና ትንሽ ስለነበረ በመድኃኒትና በሌዘር አጠፉት። ወር ብትቆዩ ኖሮ ዓይኗ መውጣቱ ነበር አለችኝ ሐኪሟ።

ምክንያቱንም ወረቀት ላይ ክብ ሥላ አስረዳችኝ። በሴሉ አስኳል ውስጥ አንድ ፕሮቲን አለ። ሥራው የትኛው ዘረ መል እንደሚሠራ መቆጣጠርና ሴሉን «ይብቃህ፣ አትባዛ» ማለት ነው። እሱ ሲጠፋ ሴሉ ማቆሚያ የለውም። ማቆሚያ እንደሌለው እንደ አክስታችን ወሬ ነዋ ብላት ሳቀች። ከዚያ ደሜን መረመረችና፣ ጉድለቱን ከአንተ ነው የወረሰችው፣ አንተን ሳይነካህ አልፏል አለችኝ። ከቤተሰብ ዓይኑን ያጣ አለ ወይ ስትለኝ፣ እህቴ አለች፣ የእሷ ግን በልጅነቷ እንጨት ወግቷት ነው አልኋት። እንጨቱን ያየ አለ ወይ አለችኝ። እኔ ገና አልተወለድሁም ነበር።

በእናታችን አልፈርድም፤ በዘራቸው ነው ከሚባል እንጨት ወጋት ማለት ይሻላት ነበር። አንቺ ግን ዕጢ እንደነበረ ታውቂ ነበር። ልጅ ስታዪ ሳታቅፊ እጅሽ የማያርፍ ሰው፣ ያ መምህር ላግባሽ ሲልሽ ለምን እንደመለስሽው አልጠይቅሽም። ለዚያ ስልክ ግን የምከፍልሽ የለኝም።

ሐኪሟ አንቺንም ልታይሽ ትፈልጋለች። እንቢ እንዳትዪኝ።

ዕድሜሽን ያርዝመው። ያየሽላትን ያህል እሷም ታይልሽ።

ታናሽ ወንድምሽ

ይህን የምጨምረው ፖስታ ቤት ተሰልፌ ነው። ከፊቴ አንድ ሰው ቀርቷል። ብቻሽን ሆነሽ እንድታነቢው አልፈለግሁም። ሰልፉን ትቼ ልወጣ ነው፤ ደብዳቤውን ራሴ ይዤልሽ ወደ አውቶቡሱ እሄዳለሁ።