ፈረንሳዊቷን ዘፋኝ ከማን ጋር እንደሚያይ

ሰኞ

ዛሬም አንጎራጎረ። ሰሃን እያጠበ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ። መዝሙር አይደለም፤ መዝሙር ቢሆን እኔ አላጣውም ነበር፣ ኳየር ውስጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ባሌ ግርማ ድሮ፣ እዚህ አሜሪካ ሳንመጣ፣ አዲስ አበባ እያለ ሆቴል ባንድ ውስጥ ኪቦርድ ይጫወት ነበር። ጌታን ካገኘ ወዲህ ግን ዘፈን ከአፉ ወጥቶ አያውቅም፤ የሚነካውም የቸርቹን ኪቦርድ ብቻ ነው። "ምንድነው እሱ?" ስለው "የቱ?" አለኝ። የቱ ይላል ደግሞ።

ልጃችንን ሊዲያን ጠየቅኳት። "ዳዲ ሃምስ ዛት ኦል ዘ ታይም" አለችኝ፣ ሁልጊዜ ያንጎራጉረዋል ማለቷ ነው፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል። ታዲያ እኔ የት ነበርኩ?

እስካሁን የያዝኩት፦ ዜማው። ቅዳሜ ቅዳሜ "ሳን ሆዜ ኦቨርታይም አለኝ" ማለቱ። ኮቱ ኪስ ውስጥ ፈንዲሻ፤ እሱ የሚሠራበት መጋዘን ውስጥ ማን ፈንዲሻ ይበላል? የመኪናው የጎን ወንበር ወደ ኋላ መገፋቱ፤ እኔ አጭር ነኝ፣ አስጠግቼ ነው የምቀመጠው። ደግሞ መኪናው ውስጥ የቪክስ ሽታ። ቪክሱ ግራ ገባኝ። የሰው ባል የምትነጥቅ ሴት ቪክስ ተቀብታ ትመጣለች?

ማክሰኞ

ዜማውን አገኘሁት።

የምሠራበት ነርሲንግ ሆም ውስጥ አንዲት አሮጊት ምሳ እያበላሁ ቴሌቪዥኑ ላይ የፊልም ማስታወቂያ መጣ። ጥቁር ቀሚስ የለበሰች ቀጭን ሴት ትዘፍናለች፣ ትጠጣለች፣ መድረክ ላይ ትወድቃለች። ከሥሩ ያ ዜማ። ራሱ ነው። የአንዲት ፈረንሳዊት ዘፋኝ የሕይወት ታሪክ ነው ተባለ፤ የሚታየው ሳን ሆዜ። አሮጊቷ "ድሮ ዘፈኗን እወደው ነበር፤ መጠጥ ነው የጨረሳት፣ ምስኪን" አለችኝ። እኔ ማንኪያውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

በእኛ ቸርች ሲኒማ ሲገባ የተገኘ አገልጋይ ከመድረክ ይወርዳል። ግርማ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ታዲያ ለፊልም ብሎ ነው? ብቻውን የሚሄድ ሰው የጎን ወንበር አይገፋም።

ረቡዕ

ሥራው ቦታ ኮል አደረግሁ። ሱፐርቫይዘሩ ሳቀብኝ። ቅዳሜ ኦቨርታይም የሚባል ነገር ከቆመ ቆይቷል።

ለማን ልናገር? የጸሎት ኅብረታችንን ለምታስተባብረው ለእህት ታደለች ደወልኩ። "የጸሎት ርዕስ አለኝ፣ ስም አልጠራም" አልኳት። "አንዲት እህት ባሏን ጠርጥራለች። መሣሪያ የሚጫወት አገልጋይ ነው። ከሴት ጋር ሲኒማ ይሄዳል፣ ስለ አንዲት ሰካራም ፈረንሳዊት ዘፋኝ የተሠራ ፊልም።" እሷም "ስም ምን ያደርጋል፣ ጌታ ያውቃታል" አለችኝ። ትንሽ ቀለል አለኝ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የነቃሁት። የእኛ የጸሎት ርዕስ ከስልክ ወደ ስልክ ነው የሚሄደው። እያንዳንዷ ደግሞ ለቀጣይዋ ስታስተላልፍ ትንሽ ጨመር ታደርግበታለች። እኔም ጨምሬ አውቃለሁ።

ሐሙስ

ከሥራ ስገባ ግርማ ጥብስ ሠርቶ ጠበቀኝ። ሽንኩርቱን ራሱ ከትፎ። ሳይጠየቅ የሚያበስል ወንድ አንድ ነገር አለው። ጥብሱ ደግሞ ይጣፍጣል፤ ይህም አናደደኝ።

"ቅዳሜ ትሠራለህ?"

"እሠራለሁ" አለ፣ ጆሮውን እያሻሸ።

ጥብሱን ጨርሼ በላሁና መኝታ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

አርብ

ጉድ ፈላ። ከሳን ሆዜ ቸርች አንዲት እህት ደወለችልኝ፤ በመዝሙር ካልሆነ ብዙም አንተዋወቅም፣ ባሌን አታውቀውም። "እህት ሰናይት፣ አስቸኳይ የጸሎት ርዕስ ነው" አለች። "ኦክላንድ አንድ ኪቦርድ የሚጫወት ወንድም ወድቋል። ፈረንሳዊት ዘፋኝ ይዟል፣ ሰካራም ናት አሉ። ሚስቱን ሊፈታ ነው። እሁድ ሽማግሌዎች ሊያነጋግሩት ነው።"

ኦክላንድ ኪቦርድ የሚጫወት ወንድም ያለን አንድ ነው።

"እንጸልያለን" አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ? ሰውዬው ቢያጠፋም ባያጠፋም ያንን ኪቦርድ ከወሰዱበት ምን ይቀረዋል? ይህን ያደረግሁት ደግሞ እኔው ነኝ። ግን ሴትዮዋ ማን ናት?

ቅዳሜ

ተከተልኩት። የሥራ ጓደኛዬን መኪና ተውሼ፣ ሊዲያን እሷ ጋ ትቼ።

ሲኒማው በር ላይ አየሁት። አንዲት ሴት ደግፎ ከመኪና ያወርዳል። ጉልበቷ አይታጠፍም፤ ወንበሩ ለዚህ ነው የተገፋው። ከግርማ አሥር ዓመት ያህል ትበልጣለች። ግን ቆንጆ ናት። ዕድሜ የሚደብቀው ዓይነት ቁንጅና አይደለም። እንዳልወደዳት ወስኜ ገባሁ።

ከኋላቸው ተቀመጥኩ። ቪክሱ ከእሷ በኩል ሸተተኝ፤ ለካ ለጉልበቷ ነው። ፊልሙ በፈረንሳይኛ ነው፣ ከሥር እንግሊዝኛ ይጻፋል፣ ግርማ እያነበበ በጆሮዋ በአማርኛ ይነግራታል። ዘፋኟ ጠጣች፣ ወደቀች፣ የምትወደው ሞተባት፣ መርፌ ጀመረች። ሁሉንም በትክክል ነገራት። በመጨረሻ ብቻዋን፣ አልጋ ላይ፣ ሞተች። ጽሑፉም ሞተች ይላል። ግርማ ግን "ደክሟት ተኛች። ነገ እህቷ መጥታ ትወስዳታለች" አላት።

ክው አልኩ። ባሌ እንዲህ ዓይኑን ሳያሽ የሚዋሽ ሰው ነው?

መብራት ሲበራ ዞሮ አየኝ። ፊቱ አመድ ሆነ። ሴትዮዋ ግን ከላይ እስከ ታች አየችኝና "ሚስትህ ናት? ደግሞ አጭር ናት ብለኸኝ ነበር፣ ደህና ናት እኮ" አለች።

ግርማ መኪናውን ሊያመጣ ሲሄድ ነገረችኝ። ውብነሽ ትባላለች፤ ግርማ ይጫወትበት የነበረው የዚያ ሆቴል ባንድ ዘፋኝ ነበረች። ድምፅዋን መጠጥ በላው። ልጇ አምጥታት እዚህ ከልጅ ልጆቿ ጋር ትኖራለች። ልጇ ሳን ሆዜ ቸርች ሰው ሲጠይቃት እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች ነው የምትለው። "ከልጄ ሌላ ዘፋኝ እንደነበርኩ የሚያውቅ እዚህ ባልሽ ብቻ ነው" አለች። "ፊልሙን ማስታወቂያ ላይ አይቼ ውሰደኝ ብዬ ለመንኩት። ለአንቺ እንዳይነግርም አስምዬዋለሁ፤ የኳየር ሰው ነሽ፣ ፈራሁ።"

ፈርታኛለች። "እትዬ ውብነሽ፣ መጨረሻው ላይ የነገረዎት..." ብዬ ጀመርኩ።

"መሞቷን አውቃለሁ እኮ። አንድ ጊዜ ነው ያየሁት? ግን እሱ ሲዋሽልኝ ደስ ይለኛል። ደግሞ አይችልበትም። ሲዋሽ ጆሮውን ያሻሻል።"

ቤት ገብቼ ኮቴን ሳላወልቅ ለእህት ታደለች ደወልኩ። "ያቺ ሲኒማ አብራው የነበረችው ሴት እኔ ነኝ" አልኳት። ዛሬ ሲኒማ ነበርኩ፣ ከኋላውም ቢሆን አብሬው ነበርኩ። "ፈረንሳዊቷስ?" አለችኝ። "እሷ ፊልሙ ውስጥ ናት፣ ሞታለች።"

እሁድ

ሁለታችንንም አወረዱን፤ እስከ ፋሲካ እሱ ኪቦርድ አይነካ፣ እኔ ኳየር አልቆም። ሽማግሌዎቹ "ለምን ሄዳችሁ?" ሲሉ ግርማ አፉን ሊከፍት ነበር፤ እግሩን ረገጥኩት። የእትዬ ውብነሽን ስም ማንም አላነሳም።

ከሕዝቡ ጋር ተቀምጬ ስዘምር ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። ግርማ ጉልበቱ ላይ ጣቶቹን ያንቀሳቅስ ነበር። አሳዘነኝ። ወደድኩትም።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ፣ ያቺን ዜማ ጀመረ። እኔም ይዣት ኖሯል፣ አብሬው አንጎራጎርኩ። ሊዲያ ከኋላ "ኦ ማይ ጋድ" አለች። ጥሩ ነበር። እዚያ ላይ ዝም ብል ይሻል ነበር።

"ውብነሽን ድሮ ትወዳት ነበር?" አልኩት።

"ኧረ በፍጹም" አለ።

ቶሎ ብዬ ዞሬ ጆሮውን አየሁ። እየነዳ ነው፤ ሁለቱም እጆቹ መሪው ላይ ናቸው።