በአባባ እጅ የቀረው

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬ አባባን ድጓ ከሚመሰከርበት ከቤተ ልሔም ገዳም ደብረ ታቦር ወስጄ እጃቸውን አስመረመርኩ። ሐኪሙ አውራ ጣታቸው ሥር ሽቦ ለጥፎ በእጅ አንጓቸው በኩል ኤሌክትሪክ በትንሽ በትንሹ እየጨመረ ላከ። ጡንቻው በተነቃነቀ ቁጥር ኮምፒዩተሩ ይመዘግባል፤ ከዚያ ጡንቻውን የሚያዙት የነርቭ ክሮች ስንት እንደቀሩ ይገመታል። መርፌ የለውም። በኋላ ለብቻዬ ጠርቶ፣ "ክሮቹ ከሰኔው ምርመራ በግማሽ ቀንሰዋል" አለኝ። ነርስ ነኝና ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ፤ ነርቩን የሚገድለው በሽታ እየፈጠነ ነው።

ስንመለስ መኪና ውስጥ አባባ፣ "ስንት ቀረ አለሽ?" አሉኝ።

"ግምት እኮ ነው አባባ።"

"እንግዲያው የእኔንም ግምት ስሚ። በብራና የጀመርኩትን ድጓ ይህ እጅ አይጨርሰውም። እኔ እያነበብኩልሽ አንቺ ትጽፊዋለሽ።"

"እሺ" አልኩ። ብራና ላይ ጽፌ አላውቅም። ነገ የብርዕ አያያዝ ሊያሳዩኝ ነው፣ እጃቸው እሺ ካላቸው።