አራተኛ ፎቅ ያልደረሰው መርዶ

ሰኞ፣ ኅዳር 1 ቀን 2018
ዛሬም ስልኬን በወጥ ቤቱ መስኮት አንጠልጥዬ ዋልኩ። አንዲት የኔትወርክ ሰረዝ ብልጭ ትላለች፣ ሄሎ ስል ትጠፋለች። ልጄ ቤዛዊት፣ «አባባ፣ ከአራተኛ ፎቅ ቢወድቅ ሌላ አልገዛልህም» አለች። ቢወድቅስ? ታች ኔትወርክ ያገኝ ይሆናል።

ታክሲ ተራው ድረስ ወርጄ የስልክ ኩባንያው ጋ ደወልኩ። እዚያ ትንሽ ይሠራል። ሃያ ደቂቃ ዘፈን አሰሙኝ። ከዚያ አንዲት ልጅ፣ «አባቴ፣ ስልክዎን አጥፍተው ያብሩት።»
«ልጄ፣ እሱማ ሳላጠፋውም ጠፍቷል።»
ሳቀች። ኔትወርኩ ያው ነው። አራት ፎቅ መልሼ ወጣሁ። ጉልበቴ ሰደበኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4
ወሎ ሰፈር ሠላሳ ዓመት ኖረን፣ ቤቱ ሲፈርስ ነው ወደ ሰሚት የመጣነው። እድሬ ግን እዚያው ነው። እድር እንደ ቤት አይቀየርም። ድሮ ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋ ነበር። አሁን ጸሐፊው ዘርአጽዮን በስልክ መልእክት ይልካል። ሠለጠንን አሉ...

እውነቱን ልጻፈው፣ ማን ያየዋል? ካለፉት ሁለት ስብሰባዎች የቀረሁት ኔትወርክ ስለሌለ ነው ብያለሁ። ውሸት። መልእክቱ ታክሲ ተራው ላይ ደርሶኛል። ስለ ድንኳኑ ቀዳዳ ሦስት ሰዓት መስማት ሰልችቶኝ ነው። የሚያውቀው ጓደኛዬ ጀቤሳ ብቻ ነው። ሚስቱ አሰጋሽም ሰምታ፣ «ዋሾ! ላጋልጥህ ነው!» አለችኝ። አላጋለጠችኝም። ይልቅ ሁለተኛ ጭልፋ ጨመረችልኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9
ቤዛዊት ለሥራ ሐዋሳ ሄደች። ጉልበቴ አብጧል። አልወረድኩም። ስልኩ ዝም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10
ዛሬም ዝም። ጀቤሳ ሳይሰድበኝ የሚውልበት ቀን የለም። ምን ነካው? አኮረፈ?

አርብ፣ ኅዳር 12
ሚካኤል ነው ብዬ፣ እያነከስኩም ቢሆን ለመሳለም ወጣሁ። ዛሬ ታክሲ ተራውም ላይ ኔትወርክ ጠፍቷል፤ ታክሲው መገናኛ ሲደርስ ግን ስልኩ ኪሴ ውስጥ አበደ። ጢው፣ ጢው፣ ጢው... ዐሥራ አንድ መልእክት። «እንዴት ያሉ ተፈላጊ ሰው ነዎት አባባ!» አለችኝ ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት። ልቀልድ አፌን ከፈትኩ። መነጽሬን አድርጌ የመጀመሪያውን አነበብኩ።

«የአቶ ጀቤሳ ባለቤት ወ/ሮ አሰጋሽ ዛሬ ማክሰኞ አርፈዋል። ቀብር ነገ ረቡዕ 7 ሰዓት።»

ረቡዕ። ከትናንት ወዲያ።

ሌሎቹ ጀቤሳ ደውሎ ያጣኝ ናቸው። አሥር ጊዜ።

እኔ ሚስቴን ወለተማርያምን ስቀብር፣ እጁን በብብቴ አስገብቶ ያቆመኝ ማን ነበር? እሱ አይደል? የእሱ ቀን ሲመጣ እኔ ሰሚት ተቀምጬ ጉልበቴን በቅባት አሻለሁ።

በቀጥታ ወሎ ሰፈር። ሣልስቷ ስለሆነ ድንኳኑ አልፈረሰም። እያለቀስኩ ገባሁ፤ ለቅሶዬን የተቀበለኝ የለም። ዘርአጽዮን፣ «ጋሽ መኩሪያ፣ ኔትወርክ ነው አይደል?» አለ። አንዱ ሳቁን ዋጠ። «ሰሚት ሰው እንላክ ብዬ ነበር። እሱ ለምዶበታል፣ ተዉት አሉኝ።»

እውነት ይዤ ስመጣ ደግሞ የሚያምነኝ ጠፋ።

ጀቤሳ ቀና አላለም። «ሬሳውን ግማሽ ሰዓት አስቆምኩት» አለ። «መኩሪያ ሳይመጣ አይወጣም ብዬ።»

ብትሩን ቢያነሳብኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13
ጠዋት መገናኛ፣ የኩባንያው ቢሮ። ወረቀት ፈልጌ ነው። በእነዚህ ቀናት ሰሚት ኔትወርክ አልነበረም የሚል፣ ማኅተም ያለበት። የተቀበለችኝ ልጅ ኮምፒውተሯን አየችና፣ «አባባ፣ ሰሚት ሙሉ ሽፋን አላት» አለች። ስክሪኑን አዞረችልኝ። ሰፈሩ ሁሉ አረንጓዴ፣ ክረምት የወጣበት መስክ ይመስላል።
«የእኔ ቤት የቱ ጋ ነው?»
በጣቷ ነካችው።
«እዚህኛው ቤት ብታስገቡኝ ምን ነበረበት? ያኛው አይሰማም።»
አልሳቀችም። ቅሬታዬን መዘገበች፣ ቁጥርም ሰጠችኝ። ምን ላደርገው? ጀቤሳን «እንካ፣ ቁጥር አለኝ» ልበለው?

እሑድ፣ ኅዳር 14
እድር ስብሰባ ሄድኩ። ቀድሜ ነው የደረስኩት፤ ደነገጡ። ተነሥቼ፣ «ካለፉት ሁለት ስብሰባዎች የቀረሁት ዋሽቼ ነው» አልኩ። «የቀብሩ ግን እውነት ነው። አትመኑኝ፣ ይገባኛል። ብቻ ሰፈር ለቀን ለራቅነው ሰው ላኩ። ከእኔ ሌላም ሩቅ ያለ ሽማግሌ አለ።»

ከኋላ አንዲት ሴትዮ፣ «ዛሬስ ኔትወርክ እንዴት ተገኘ?» አለች፤ ድንኳን ሙሉ ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። አቃጠለኝ ግን። ዘርአጽዮን፣ በር የሚያንኳኳ ሰው ይመደብ ብሎ ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈረ። ከዚያ ስለ ቀዳዳው ቀጠሉ። ሦስት ሰዓት አዳመጥኩ። ቅጣቴ ነው።

ጀቤሳ አልነበረም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17
ጀቤሳ ቤት ስመላለስ ሦስተኛ ቀኔ። ከሰሚት መገናኛ ሰልፍ፣ ከመገናኛ ወሎ ሰፈር ሰልፍ። ደከመኝ። ገብቼ እቀመጣለሁ፤ ስለ ስልክ ትንፍሽ አልልም። እሱም ዝም። ልጁ ሰኚ ሻይ ታመጣለች፣ ሁለታችንንም አይታ ትወጣለች።

ዛሬ ስነሣ፣ «ሄድክ?» አለኝ።

አንዲት ቃል። መንገድ ላይ ስንት ጊዜ መነዘርኳት!

ሐሙስ፣ ኅዳር 25
ጉልበቴ እንደገና። ሐኪሙ ደረጃ ክልክል አለኝ። አራተኛ ፎቅ ለሚኖር ሰው! ጀቤሳ ጋ መሄድ ቀረ። ልደውልለት ብዬ መስኮት ለመስኮት ዞርኩ። ምንም። አሁንም ቀረ ይለኝ ይሆን?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 30
እኩለ ቀን ላይ በር ተንኳኳ። ከሐዋሳ የተመለሰችው ቤዛዊት ከፈተች። ጀቤሳ! ብትሩን ተደግፎ፣ ላብ በላብ ሆኖ። «ያ ዋቃ! አምላኬ፣ ሰው እዚህ ላይ ይኖራል?» አለ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም እየተነፈሰ።
«ምን ልትሠራ መጣህ አንተ ሽማግሌ?»
«ስድስት ቀን ጠፋህ። ሞተህ እንደሆነ ላይ ነዋ።»
«እና?»
«አልሞትክም። ድካሜ ከንቱ ቀረ።»

ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያ ስድቡ። ፊቴን ወደ ወጥ ቤት አዞርኩ፣ ውሃ ላምጣለት ብዬ። ለውሃው ብቻ አይደለም።

ሽሮ በላን። ከበላ በኋላ ቀስ ብሎ፣ «ታኅሣሥ 18 አርባዋ ነው» አለ። «ከጎኔ የምትቆመው አንተ ነህ። በዋዜማው መጥተህ እኔ ቤት ታድራለህ። ጠዋት አልጠብቅህም፤ ካጠገቤ ነው የማስነሣህ።»
«እሺ» አልኩ።

ከዚያ ሶፋዬ ላይ ጋደም እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው። ቤዛዊት ናት ያስታወሰችኝ፦ «አባባ፣ ልጆቹ የት እንዳለ ያውቃሉ?» ለካ ለማንም ሳይናገር ነው የወጣው። ስልኩም ከእሱ ጋር የለም። የእኔንም የቤዛዊትንም አየሁ፤ ኔትወርክ የለም። ቤዛዊት «እኔ ልውረድ» አለች። እምቢ አልኳት። ሐኪሙ አያየኝም።

አንድ ደረጃ፣ አንድ እረፍት። ታክሲ ተራው ደረስኩ። «ሰኚ፣ አባትሽ እኔ ጋ ነው። በልቶ ተኝቷል።»
ለቅሶዋን ለቀቀችው። «ከጠዋት ጀምሮ ያልፈለግንበት የለም! ጋሼ፣ ምነው እስካሁን ሳይደውሉ?»
ኔትወርክ ልል ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።
«አሁን ነው የወረድኩት፣ ልጄ» አልኳት።

ለመውጣት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ስገባ ያንኮራፋል፤ መስኮቱ ይርገፈገፋል። ጫማውን አወለቅኩለት። ዛሬ እዚሁ ያድራል። ሶፋው ግን የእኔ መኝታ ነው... እኔ የት ልተኛ ነው?