ምንም እንዳታስቀሩ ብዬ ነበር

እማዬ፣

ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ከሰባት ቀን ሆነ። የቤቱ ቆርቆሮ ተቀይሯል። የአንኮበር ጉም ግን እንደ ድሮው በር ሲከፈት ከሰው ቀድሞ ይገባል። የጀመርሽው የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ባናው፣ እንደተጠቀለለ ነው፤ እንዝርትሽም እስከ ትናንት ድረስ ከተሰቀለበት አልወረደም ነበር።

ወንድምሽ ጋሽ ተክሌ አሁንም አጠገቤ አይቀመጡም። በቀብርሽ ዕለት፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «እህቴን ያሳረድሻት አንቺ ነሽ» አሉኝ። አጎንብሼ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። ሰዉ አክብሬያቸው መሰለው። እውነቱ ግን መልሱን አለማወቄ ነው።

የጡትሽ እጢ ገና ትንሽ ሳለ ያወቁት እሳቸው ነበሩ። ከጠበል ጠበል ሲወስዱሽ ከረሙ። ጠበሉን አልነቅፍም፤ እኔም ከተጠመቅሽበት ጠጥቻለሁ። የማልረሳው «ለልጅቷ እንዳትነግሪያት፣ ትምህርቷን ታቋርጣለች» ማለታቸውን ነው። ትምህርቴን ጨርሼ ደብረ ብርሃን የባዮሎጂ መምህርት ስሆን እጢሽ እንቁላል አክሎ፣ ቆዳው ተጨማዶ ነበር።

ሆስፒታል ያስገባሁሽ እኔ ነኝ። አንቺ የማታውቂው አንድ ነገር አለ። የቀዶ ሕክምናሽ ጠዋት ሐኪሙን ኮሪደር ላይ አስቁሜ «ዶክተር፣ ምንም እንዳታስቀሩ» አልኩት። እንደ አረም ከሥሩ ከተነቀለ አይመለስም ብዬ ነው። እሱ ስለ እጢው መጠን፣ አዲስ አበባ ስላለው የጨረር ሕክምና ወረፋ አስረዳኝ። ግማሹን እንኳ አልሰማሁትም። ጡትሽን በሙሉ፣ በብብትሽ ያሉትን ንፍፊቶችም አወጣ። በዚያው ሰበብ ቀኝ እጅሽ አበጠ። ሱፉን በግራሽ ስትፈትይ ክሩ እየተጓጎለ አስቸገረሽ፤ «እጄ እንግዳ ሆነብኝ» ብለሽ ሳቅሽ። እኔ አልሳቅኩም። በሽታው ግን ቀድሞ አጥንትሽ ገብቶ ኖሯል፤ ዓመት አልቆየሽልኝም።

ከሞትሽ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። እማዬ፣ የጥንቶቹ ሐኪሞች ልክ እንደኔ ያስቡ ነበር። ብዙ የቆረጠ ብዙ ያድናል ብለው ጡቱን፣ የደረቱን ጡንቻ፣ ብብቱን እየጠረጉ ያወጡ ነበር። ለብዙ አሥርት ዓመታት እንዲሁ ሠሩ። ኋላ ጥቂቶች ተጠራጠሩና ሴቶችን ፈቃድ ጠየቁ። ሴቶቹም በእጣ ተመደቡ፤ ገሚሶቹ ጡታቸው በሙሉ ወጣ፣ ገሚሶቹ እጢው ብቻ ወጥቶ ጨረር ተሰጣቸው። ዓመታት ቆጥረው ሲያዩ በሕይወት የቆዩት እኩል ሆኑ። የብብቱም እንዲሁ ተጠና፤ አሁን መጀመሪያ ጥቂት ንፍፊት አውጥተው ይመረምራሉ፣ ንጹሕ ከሆነ ሌላውን አይነኩም።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ ተናደድኩ። ታዲያ እጅሽ ለምን ሄደ? ቆይቼ ደግሞ፣ የእጢሽ መጠን ያን ያህል ከነበረ፣ ጨረሩም ካልተገኘ፣ ሐኪሙ ሌላ ምን ያድርግ አልኩ። በኔ ቃል ነው የቆረጠው ወይስ በራሱ እውቀት? በሽታው ቀድሞ አጥንትሽ ገብቶ ከነበረስ እኔም ጋሽ ተክሌም አልገደልንሽም ማለት ነው? ይቺኛዋን ሐሳብ በጣም እፈልጋታለሁ። ስለምፈልጋት አላምናትም።

ይኸውልሽ፣ ከሦስት ወር በፊት እህትሽ አስካለ በጠዋቱ አውቶቡስ መጥታ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀችኝ። ስትታጠብ የሽንብራ ያህል ነገር ነክታ ኖሯል። ለጋሽ ተክሌ አልነገረችም። ከአጥሩ ጥግ ወስዳኝ፣

«እኔንም ምንም አታስቀሩ ልትይብኝ ነው?» አለችኝ።

ለካ ያን ጊዜ ኮሪደሩ ላይ ነበረች። ሁሉንም ሰምታለች፣ ሁለት ዓመት ለማንም ሳትናገር ይዛዋለች። ቢሆንም ወደኔ መጣች።

ያንኑ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። በዚህኛው ጊዜ ግን ገብቼ ቁጭ አልኩና ምን ያህል ቢወጣ ይበቃል ብዬ ጠየቅኩት። ጨረሩን ሳታቋርጥ ከወሰደች እጢው ብቻ ይበቃል አለ። ትድናለች ወይ ስለው ቃል አልገባልኝም። ባለፈው ወር እጢውንና ሁለት ንፍፊት ብቻ አወጡላት።

በሙት ዓመትሽ ዕለት ወሬው ጋሽ ተክሌ ጆሮ ገባ። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ መንገድ ዘግተው ቆሙ።

«አስካለንም?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ። አሁን ግን ጠይቄ ነው።»

ጋቢያቸውን አጣፍተው አልፈውኝ ሄዱ። ይቅር ይበሉኝ አይበሉኝ አላውቅም፤ እኔም እሳቸውን ይቅር ማለቴን አላውቅም።

የዚያን ዕለት በጸሎቱ ላይ ቄሱ ስምሽን፣ ወለተ ሥላሴን፣ ሲጠሩልሽ እነዚያን ለጥናቱ በእጣ የተመደቡትን ሴቶች ላስጠራ አሰብኩ። የክርስትና ስማቸውን ከየት ላምጣው? በአንቺ ስም ውስጥ አስገባኋቸው፤ ሰው መቀበል ትወጃለሽ።

አስካለ ትናንት እንዝርትሽን አወረደችው። ቀኝ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ፈተለች፣ ክሩ አልተጓጎለም። ባናው በእሷ ክር ያልቃል። ወረፋው ደርሷት ሰኞ ለጨረሩ አብረን አዲስ አበባ እንወርዳለን። ምን እንደሚገጥመን አላውቅም።

ላንቺ ሳልጠይቅ አዘዝኩ። ከእንግዲህ ማንኛዋም ሴት በር ላይ ብትጠብቀኝ አብሬያት ገብቼ፣ ምን ያህል ይበቃል ብዬ እጠይቅላታለሁ። ይህን የተውኩ ዕለት ረስታኛለች በይ።

ልጅሽ