የመሠረት ብራውዘርና የእኔ ምላስ

ረቡዕ፣ የካቲት 2 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ቢቸና

ዛሬም ምንም አላሉም። ዜናውን ሰማሁ፣ ቀጥሎ የመጣውን የእርሻ ፕሮግራም ሰማሁ፣ የሙት ዓመት ማስታወቂያው እንኳ አላመለጠኝም። ስለ ብራውዘሩ ግን አንድ ቃል የለም። የሬዲዮኑ ባትሪ ድንጋይ ሊሞት ነው።

ሚስቴ ጥሩወርቅ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ጆሮህን እንዲህ የለጠፍከው ምን ጠፍቶህ ነው?" አለችኝ።

"ሌላ ሚስት ላገባ ነው፣ ማስታወቂያው እስኪነገር ነው" አልኳት።

"እሷን እግዜር ይርዳት" ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች።

የምጠብቀው የመሠረትን ነገር ነው። የበኩር ልጄ ልጅ ናት። ሞጣ ላይ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የኢንተርኔት ቤት አላት። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ከሥራዋ በተረፋት ጊዜ፣ አንድ ብራውዘር አማርኛ እንዲናገር ስትለፋ ከረመች። ብራውዘር ምንድን ነው ብዬ ስጠይቃት፣ "አባባ፣ እርስዎ ስልክ ቤት ሳሉ የነበረዎት ሰሌዳ ማለት ነው። ሰው የሚፈልገውን ይነግረዋል፣ እሱ ያገናኘዋል" አለችኝ። ይህ ገባኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት ቢቸናን ከሞጣ፣ ሞጣን ከዓለም ለማገናኘት ገመድ ስሰካና ስነቅል ነው።

ያልገባኝ ደመወዙ ነበር። ለካ ደመወዝ የለውም። የብራውዘሩ ውስጡ ክፍት ነው፤ የቻለ ያየዋል፣ ያርመዋል፣ ይጨምርበታል፣ ለሰው ሁሉ በነጻ ይሰጣል። አማርኛውን የሠሩት ልጆች አዲስ አበባም አሉ፣ መቀሌም፣ ጅማም፣ ድሬዳዋም። ቃሉን ይከፋፈላሉ፣ እየተረጎሙ ይላላካሉ፣ ተያይተው አያውቁም። "ጠላ የሌለበት ደቦ በይኛ!" አልኳት። ሳቀች።

አዲሱ እትም ትናንት ወጥቷል። ጋዜጠኞች እሷን ቢፈልጉ ብላ የእኛን ቤት ስልክ ሰጥታለች። የሱቋን መስመር ኢንተርኔቱ ሲይዘው ለሰው አይጠራም። ሞባይሏም ሲፈልግ ይሠራል፣ ሲፈልግ ይተኛል። ስትለማመጠኝ የዋለችው አንድ ነገር ነው፦ "አባባ፣ ከደወሉ የአቤልን ቁጥር ብቻ ይስጧቸው። አስተባባሪያችን እሱ ነው። ሌላ ነገር እንዳይናገሩ፣ በእናትዎ።"

ጉልበቴ ዛሬ ብሶበታል።

ሐሙስ፣ የካቲት 3

ተደወለ። ምሳ ላይ። የወጣቶች ፕሮግራም የሚያዘጋጅ ልጅ ነው፣ ከአዲስ አበባ። ድምፁ ማር ነው። "እየቀረጽን ነው፣ ይፈቅዳሉ?" አለኝ፤ ፈቀድኩ። የአቤልን ቁጥር ሰጠሁት። እዚህ ላይ ስልኩን ዘግቼው ቢሆን ኖሮ ዛሬ በሰላም እተኛ ነበር።

"አባቴ፣ እርስዎስ ስለ ሥራው ያውቃሉ?" አለኝ።

"እንዴታ! አብሬ ነው የሠራሁት።"

ሳቀ። ሰው ከሳቀልኝ ደግሞ አለቀልኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስልክ ላይ የሳቀልኝ ሰው አልነበረም።

ማን ማን ሠራው ሲለኝ፣ "እኔና የልጅ ልጄ፣ እዚሁ ቢቸና። እሷ ትጽፋለች፣ እኔ እመርቃለሁ" አልኩት። ከሌላው በምን ይለያል አለኝ። "ሌላው ሲበላሽ የሚቆጣህ በእንግሊዝኛ ነው። ተሰድበህ ይሁን ተመርቀህ አታውቅም። የእኛው በአማርኛ ስለሚቆጣ ታፍራለህ" አልኩት። ታዲያ ለምን በነጻ ሰጣችሁት? "ገዢ አጣንለት!"

ልጁ ሳቁ እስኪያልቅ መናገር አልቻለም። ከዚያ አመስግኖ ዘጋ።

ለመሠረት አልነገርኳትም። ምናልባት አያወጡት ይሆናል።

ዓርብ፣ የካቲት 4

አወጡት።

አቤል መጀመሪያ ላይ ትንሽ ተናገረ። ልጁ ረጋ ያለ ነው። ብራውዘሩ በዝግተኛ መስመር ላይ እንደሚፈጥን፣ እንግሊዝኛ የማያነብ ሰው ራሱ ከፍቶ ሊጠቀምበት እንደሚችል፣ የብዙ ሰው ሥራ እንደሆነ አስረዳ። ቀጥሎ እኔ መጣሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ እኔ ነኝ። ሲያበቃ ደግሞ አዘጋጁ "ገዢ አጣንለት" የምትለዋን ደጋግሞ አሰማት።

እውነቱን ልጻፍ፤ ጠዋት ላይ ደስ ብሎኝ ነበር። ምንም የምገዛው ሳይኖር ገበያውን አንድ ጊዜ ዞርኩት። ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር የምንቀመጠው ጡረተኞች ተነሥተው ቦታ ሰጡኝ። የወንድሜ ልጅ ከጉንደ ወይን ደውሎ እንኳን ደስ ያለህ አለኝ።

ማምሻውን መሠረት ደወለች።

"አባባ፣ ምን አሉ?"

"ቀልድ ነው እኮ መሲዬ።"

"ለእርስዎ።" ዘጋችው።

መስመሩ ተቋርጦ እንደሆነ ብዬ ትንሽ ጠበቅሁ። የተዘጋና የተቋረጠ ስልክ ድምፃቸው ይለያያል። ያን አጥቼው አይደለም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 5

የአዲስ አበባ ጋዜጦች በአውቶቡስ መጡ።

አንደኛው፦ "የቢቸናው አያት ብራውዘር ሠሩ።" ከሥሩ የሽማግሌ ፎቶ አለ። ሽማግሌው እኔ አይደለሁም፤ ከየት እንዳመጡት እንጃ። ከእኔ ይሻላል።

ሁለተኛው ከጠፋ ቦርሳ ማስታወቂያ ሥር ሦስት መስመር ሰጥቶታል። ፈጣን ነው ይላል፣ ፊደሉ ግን በአንዳንድ ኮምፒውተር ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታያል ይላል። ይህኛው ቢያንስ ከፍቶ አይቶታል።

ሦስተኛው ላይ አንድ አምደኛ ተቆጥቷል። "ዕልባት" የሚለውን ቃል ኮምፒውተር ውስጥ ማን አስገባው ይላል። እዚህ ላይ እጄ አለበት። መሠረት፣ ሰው ያነበበውን ገጽ እንዳይጠፋበት ምልክት ሲያደርግ ምን እንበለው ብላ ስትጨነቅ፣ የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ውስጥ ያለችውን ክር አስታወስኳት። ዕልባት ናት። የእኔ ሥራ ያቺ ብቻ ናት። አንዲት ክር።

ከሰዓት በኋላ መሠረት ደወለችና ከአያቷ ጋር ብቻ አወራች። ጥሩወርቅ "እህ… እህ… ውይ ልጄን…" ስትል በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁ። ስልኩን ስታስቀምጥ ፊቷን አየሁና ቀልዴን ተውኩት።

ጥሩወርቅ እንደነገረችኝ፣ አቤል ለመሠረት አንድ መስመር ብቻ ጽፎላታል፦ "ከአያትሽ ጋር ብቻችሁን መሥራታችሁን አላወቅንም ነበር፤ እንኳን ደስ ያላችሁ።" ሌሎቹ ይህንንም አልጻፉም። ለሚቀጥለው እትም ቃል ሲከፋፈሉ የእሷን ድርሻ ለሌላ ሰው ሰጥተውታል። ቀልድ ነው ብላ ጻፈችላቸው። በሬዲዮ የተነገረ በሬዲዮ ነው የሚታረመው አሏት።

"ልጅቷን ከደቦዋ አስወጣሃት" አለችኝ ጥሩወርቅ። ስድብ አልጨመረችበትም። ብትጨምርበት ይቀለኝ ነበር።

ሰኞ፣ የካቲት 7

ጾመ ነነዌ ገባ። ሆዴም ስልኩም ባዶ ናቸው።

ሬዲዮ ጣቢያው ጋ ስደውል ዋልኩ። ተይዟል። ተይዟል። ይጠራል፣ አይነሳም። ስንቱን ሰው ከስንቱ ያገናኘሁ እኔ ዛሬ የሚያገናኘኝ አጣሁ። ያኔ የሚጮሁብኝን ደንበኞች "ትዕግሥት ያድርጉ ጌታዬ" እያልኩ እስቅባቸው ነበር። አሁን ገባኝ።

ከብዙ በኋላ አንዲት ልጅ አነሳች። ማንነቴን ስነግራት ጮኸች፦ "እንዴ! የብራውዘሩ አባባ! በጣም እኮ ነው ያሳቁን! እሑድ ድጋሚ እናሰማዋለን።"

"የለም ልጄ፣ እርማት ነው የምፈልገው።"

"እርማቱንም በቀልድ ያድርጉልን!"

እሑድ ከሰዓት አድማጭ በቀጥታ የሚገባበት ፕሮግራም አለ፤ እናስገባዎታለን አለች። ድጋሚውን ግን እንዲተውት ለመንኳት። እነግራቸዋለሁ አለች። ትንገራቸው አትንገራቸው አላውቅም።

ደከመኝ። ደግሞ እኮ የሚያደክመኝ ጾሙ አይደለም።

ረቡዕ፣ የካቲት 9፣ ሞጣ

መጣሁ። ደብረ ወርቅን እስክናልፍ አውቶቡሱ ጉልበቴ ላይ ነው የሄደው ማለት ይቻላል። አቧራው ጆሮዬ ድረስ ገብቷል።

የመሠረትን ሱቅ ያከራዩአት ሐጂ ሰይድ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። "የብራውዘሩ አባት መጡ!" ብለው እጃቸውን ዘረጉልኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቢያንስ በሦስት እመልስላቸው ነበር። "ደኅና ነዎት ሐጂ" ብቻ አልኳቸው። ደንግጠው "ታመዋል እንዴ?" አሉኝ።

መሠረት የአንድ ገበሬ አቤቱታ እየጻፈች ነበር። ስታየኝ ተነሣች፣ ጉልበቴን ሳመችኝ፣ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። አቤቱታውን ቆማ ጨረሰች። ገበሬው ከፍሎ ወጣ።

"አብራችሁ የሠራችሁትን ልጆች ስም በሙሉ ጻፊልኝ" አልኳት።

"ምን ሊያደርጉት?"

"እሑድ በሬዲዮ ልጠራው።"

"ይቀልዱበታል።"

"አልቀልድም።"

"አይችሉም፣ አባባ።" ክፋት አልነበረባትም። እንደ ሐኪም ነው የተናገረችው። ቃሏ ግን እዚህ ደረቴ ላይ ቀረች።

ቢሆንም ጻፈችልኝ፣ በትልልቁ፣ መነጽሬ እንዳይቸገር። አስጠናችኝም። የነኢማን ስም ሳበላሽ አረመችኝ። ነኢማ ማናት ስላት፣ "ድሬዳዋ ናት። እናቷ ሲታመሙ የእሷን ድርሻ እኔ ሠራሁላት፣ እኔ ፈተና ሲኖርብኝ ደግሞ የእኔን እሷ" አለች። ድምፅዋን እንኳ ሰምታው አታውቅም። ቶሎሳ ደግሞ ጅማ ነው፤ በሳጥን የሚታየውን ፊደል እያስተካከለ ያለው እሱ ነው። እንዲህ እያለች ስለ እያንዳንዳቸው ስትነግረኝ ፊቷ መለስ አለ። ወዲያው ግን ነገሩ ትዝ አላትና ወደ ወረቀቱ አጎነበሰች።

የራሷን ስም መካከል ላይ ጽፋዋለች። ሰረዝኩትና ወደ መጨረሻ አወረድኩት። ደቦ የጠራ ባለቤት የሚበላው ሰው ሁሉ ከበላ በኋላ ነው፤ ደቦውን በምላሴ የሰደብኩት ደግሞ እኔ ስለሆንኩ የእኛ ቤት ስም መጨረሻ ይጠራ ብዬ ነው።

እሑድ፣ የካቲት 13፣ ቢቸና

ሬዲዮኑን ጓዳ አስገብተን ጥሩወርቅ ጆሮዋን ሰጠችው። እኔ ሳሎን ከስልኩ ጋር ቀረሁ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት።

አስገቡኝ። ያው ድምፁ ማር የሆነው ልጅ ነው። "አድማጮቻችን፣ ተወዳጁ የቢቸናው አያት! አባባ፣ ዛሬስ ብራውዘሩ ተቆጣዎት እንዴ?"

መልስ መጣልኝ። ጥሩ መልስ ነበረ፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። ልጁ ሊስቅ ትንፋሹን ሲሰበስብ እሰማዋለሁ። ዋጥኩት። መድኃኒት እንኳ እንዲህ አልመረረኝም።

"ልጄ፣ ባለፈው የነገርኩህ ውሸት ነው" አልኩት። "ቢቸና ላይ አልተሠራም። እኔ አልሠራሁም። ገዢም አጥተው አይደለም፤ ሰው ሁሉ እንዲጠቀምበት ብለው ነው በነጻ የሰጡት። የሠሩትን ልጠራልህ።"

ሳቀ። ይህም ቀልድ መስሎታል። ጀመርኩ። አቤል፣ አዲስ አበባ። ሐና፣ አዲስ አበባ። ገብረመድህን፣ መቀሌ። ነኢማ፣ ድሬዳዋ። ቶሎሳ፣ ጅማ። ሳቁን አቆመ። "አባባ፣ ሰዓታችን…" አለ። አላቆምኩም። "አባባ፣ ሌሎች አድማጮች…" ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ከወረቀቱ ታች ስደርስ፣ "በመጨረሻም ሞጣ ያለችው…" ከማለቴ ቱ-ቱ-ቱ አለ።

ጥሩወርቅ ከጓዳ ወጣች።

"የመሠረት ስም ተሰማ?" አልኳት።

"አልተሰማም። ዘፈን አስገቡ።"

ወረቀቱን አጠፍኩት። ከዚያ ወዲህ ማንም አልደወለም። ገና ሳይመሽ ልተኛ ነው። ሁሉንም ጠርቼ ልጄን ረሳሁ ይባላል አሁን።

ሰኞ፣ የካቲት 14

ጠዋት ሙሉ ከስልኩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጥሩወርቅ ቁርስ እዚያው አመጣችልኝ። "ሁለተኛዋ ሚስትህ አልደወለችም?" አለችኝ። ያለ እሷ ምን ይውጠኝ ነበር።

እኩለ ቀን ሲሆን ጠራ። መሠረት ናት። ድምፅዋ ጎርነን ብሏል፣ አልቅሳ ይሁን ስቃ አልለየሁትም።

"አባባ፣ አቤል ጻፈልኝ።"

"ምን አለ?"

"'አያትሽን ሰማናቸው። አንድ ስም ጎድሏል' አለ። ነኢማ ደግሞ፣ 'እርማቱ እርማት ያስፈልገዋል፣ በሚቀጥለው እሑድ እኔ እደውላለሁ' ብላለች።"

ድርሻሽንስ መለሱልሽ ስላት፣ ገና ነው አለች። እንደገና የሚከፋፈሉት ረቡዕ ነው። "ይጠሩኛል መሰለኝ" አለች። መሰለኝ ነው ያለችው፤ እኔም ከዚያ በላይ አልጽፍም።

ልዘጋ ስል፣ "አባባ፣ ያ ልጅ ብራውዘሩ ተቆጣዎት ወይ ሲልዎት ዝም አሉ አይደል? አውቄዎታለሁ። ምን ሊሉት ነበር?" አለችኝ።

ነገርኳት።

መጀመሪያ "ውይ አባባ!" አለች። ከዚያ ሳቀች። የድሮዋ ሳቅ ናት፣ ትንፋሽ እስኪያጥራት የምትስቃት። ስልኩን ከጆሮዬ ትንሽ ራቅ አድርጌ ያዝኩት፣ ጥሩወርቅም ትስማው ብዬ። እስክትጨርስ ድረስ መስመሩ አልተቋረጠም።