የመስቀለኛው መንገድ ዶሮ

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ፣ ምሽት

ዛሬ ሁለት ዶሮ ያዝኩ። አውራው እንደ ልማዱ አመለጠኝ፤ የፈረሰው ግድግዳ ላይ ወጥቶ ቁልቁል ያየኛል። ባለቤቶቹ ለመንገድ ሥራ ቤታቸው ፈርሶ ሲነሱ አዲሱ ሰፈር ድረስ ወስደውት ነበር። ተመልሶ መጣ። ዶሮ ቤቷ ፈርሶም አትረሳውም። የሚያዙት ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው፤ ነጠላ ጣል፣ ክንፍ እቅፍ፣ ወደ ቅርጫት።

አንዷን እንድሪስ ባለሱቁ ወሰዳት። «እትዬ አንጓች፣ ቤት ከመሯቸው አይቀር መታወቂያም ያውጡላቸው እንጂ!» ብሎ ሳቀብኝ። ቤቱን እስክትለምድ እግሯን በክር እሰራት አልኩት። ያውቃል። ሁሉም ያውቃል። እኔ ግን ካልተናገርኩ አላርፍም።

ስለ ሁለተኛዋ ነገ እጽፍልሃለሁ፣ ማስታወሻዬ።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ይኸውልህ። ሁለተኛዋ ከፍርስራሹ አይደለችም። ስመለስ መስቀለኛው መንገድ ላይ ብቻዋን ቆማ አገኘኋት። ገብስማ፣ ሥጋዋ ደህና፣ ሰው የማትሸሽ። በኛ አገር እንዲህ ያለች ዶሮ መስቀለኛ ላይ ስትገኝ ልጅም ይገባዋል። ጭዳ ናት። በታማሚ ራስ ላይ ዞራ፣ ደዌውን ይዛ ትሂድ ተብላ የተለቀቀች። ያነሳት ሰው ደዌውንም አብሮ ያነሳል ይባላል።

አላምንበትም። ፊደል በራሴ የቆጠርኩ፣ የመድኃኒት ወረቀት ሳይቀር የማነብ ሴት ነኝ። ሸለምጥማጥ ከሚበላት ብዬ አነሳኋት።

ቤቴ ግን አላስገባኋትም። በሬ ላይ ትንሽ ቆምኩና አለፍኩ። ስመኝ ዘንድ ወሰድኳት። ጎረቤቴ ናት፣ ከዲማ በኩል መጥታ የተከራየች። ባሏ ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወርዷል፤ ከትንሿ ልጇ ከህብስት ጋር ብቻዋን ናት። እንቁላሉ ለልጅቱ ይሆናል አልኩ። ከየት ናት ስትለኝ፣ ከፈረሱት ቤቶች አልኩ። ጉልበቴን ልትስም አጎነበሰች።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ገብስማዋ ጣለች። ስመኝ የመጀመሪያውን እንቁላል በሁለት እጇ ይዛልኝ መጣች። ጽጌን እየጾምኩ ነው አልኳት። ሳቋ መጣ፦ «ታዲያ ትናንት ከእኔ ጋር ወተት የጠጡት ማን ነበሩ፣ እትዬ?»

ውሸት ላይ ውሸት። እንቁላሉ መደርደሪያው ላይ ነው። ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር አየዋለሁ።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ህብስት ታማለች። ትኩሳት፣ ሳል። ብርድ ነው፤ ደ/ማርቆስ ጥቅምቷን ጀምራለች። ብርድ ነው። ሁለቴ ጻፍኩት።

ስትተነፍስ የጎኗ አጥንት ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ጤ/ጣቢያ እንውሰዳት አልኩ። ስመኝ ምን አለች መሰለህ? ገብስማዋን ጠዋት በልጅቱ ራስ ላይ አዙራ መስቀለኛው ላይ ልትለቃት ነው። ከዚያ ልጅቱ ይሻላት እንደሆነ ጥቂት ቀን ልታይ። ያችኑ ዶሮ! ትልቅ ሰው ቢኖር ይሻላል ብላ አብሬያት እንድቆም ለመነችኝ።

እሺ አልኩ። ታዘበኝ፤ እሺ አልኩ።

ለሟች ባለቤቴም ያዞርኩት እኔ ነኝ። ቀይ አውራ ዶሮ። ይሻለዋል ብዬ ጠበቅኩ። ሐኪም ቤት ስንደርስ ምነው ዘገያችሁ አሉን።

አላምንበትም እላለሁ። ባላምንበት ኖሮ ዶሮዋን ቤቴ አሳድራት ነበር። ራሴ የፈራሁትን ለማታውቀው ሰጠሁ። ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ነገ ዝም ካልኩ አዙራ ትጠብቃለች። ከተናገርኩ ልጄን ያሳመምሽ አንቺ ነሽ ትለኛለች። ያለችኝ ጎረቤት እሷ ብቻ ናት።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት

ነገርኳት። ክሩን ከዶሮዋ እግር እየፈታች ሳለ። ከየት እንዳነሳኋት፣ ለምን ቤቴ እንዳላሳደርኳት፣ ሁሉንም። ዶሮዋን በአጥሩ ላይ ወረወረቻት።

«አንቺ!» አለችኝ። እስከ ትናንት እርስዎ ስትለኝ የኖረች። «ለእኔ ልጅ አመጣሽው!»

ደዌ በዶሮ አይመጣም ማለት ጀመርኩ።

«ታዲያ ምን አስፈራሽ?»

ህብስትን ከአልጋ አንስቼ በጋቢ ጠቅልዬ ወጣሁ። እየሰደበችኝ ተከተለችኝ። ትስደበኝ፤ ብቻ ትከተለኝ። ባጃጅ ውስጥም አልተወችኝም።

ያው ዕለት፣ ከሰዓት

ጤ/ጣቢያ፣ አግዳሚ ላይ። የሳንባ ምች ነው አሉ። መርፌ ተወጋች። በጊዜ አምጥታችኋታል አሉን። ስመኝ የአግዳሚው ወዲያኛ ጫፍ ላይ ናት፤ ወደ እኔ አላየችም። ቃሉን ግን ሰምታለች። እኔም ሰማሁ። በጊዜ። ለባለቤቴ ሳይባል የቀረው።

ጥቅምት 16፣ እሑድ፣ አመሻሽ ላይ

ትኩሳቱ በረደላት። ጤ/ጣቢያው ድረስ ምሳ ወሰድኩላቸው። ስመኝ ሳህኑን ተቀበለች፣ እጄን እንዳትነካ ጠንቅቃ። አመሰግናለሁ አላለችም። አትበል።

ስመለስ እንድሪስ ከሱቁ ጠራኝ። ወሬው ሰፈሩን አዳርሷል። ገብስማዋ የገባችበት ግቢ ሁሉ በዱላ እያባረረ መስቀለኛው ድረስ መልሷታል። እዚያው ቆማለች፤ ሰው ዞሮ ያልፋታል። «እትዬ፣ እርስዎን ነው የምትጠብቅ» አለኝ። አልሳቀም።

ቤት ገብቼ ያን እንቁላል ቀቀልኩት። ቁጭ ብዬ በላሁት። ጨው እንኳ አላደረግሁበትም።

ሊመሽ ነው፤ ሸለምጥማጡ መውጫው ደርሷል። አሁን ለማንም አልሰጣትም። ለእግሯ የሚሆን ክር ከአልጋዬ እግር ጋር አስሬያለሁ፤ ሌላው ጫፍ መሬት ላይ ባዶውን ተጋድሟል። ነጠላዬን ያዝኩ። ሄድኩ።