በጸሎት የዳነው ጤነኛ ዓይን

ለተከበሩ ዶክተር ለሚ
የሥነ ልቦና ጥናት ቡድን መሪ
ዲላ

የልጅነት ጓደኛዬን ውሸት አስጠንታችሁ በእኔ ላይ አሠማራችሁት። ይህን ካልሁ በኋላ ወደ ሰላምታዬ እገባለሁ፦ እርስዎና የተከበሩ ባልደረቦችዎ እንደምን ሰነበታችሁ? ጤናችሁ የተሟላ፣ ሥራችሁም የተቃና እንዲሆን እመኛለሁ። ለሰው ዓይን መጸለይ ግን ትቻለሁ፤ ምክንያቱን ከታች ያገኙታል።

እኔ የወናጎ ገበሬ ነኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ፊደልን በራሴ ለይቻለሁ፤ በሶንጎም፣ በባህል ሸንጎአችን፣ ከጌዴኦ ሽማግሎች ጋር ተቀምጬ የሰው ጠብ እዳኛለሁ። ስለዚህ አቤቱታዬን በሥርዓት፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ረዳትዎ ወይዘሪት ሳሮን ወናጎ ድረስ ደክማ መጥታ፣ የአረጋውያንን የማየት ችሎታ እንደምታጠኑ በትሕትና ስለነገረችን፣ እኔና የልጅነት ጓደኛዬ መላኩ ደስ ብሎን ዲላ ወደተከራያችሁት አዳራሽ መጣን። አግዳሚ ላይ ደርድራችሁን በግድግዳው ላይ መስመሮች አሳያችሁን፤ ከመካከላቸው የትኛው መጀመሪያ ካሳያችሁን መስመር ጋር እኩል እንደሆነ በየተራ እንድንናገር ጠየቃችሁን። የማላውቃቸው ሰዎች ሁሉ አጭሩን መስመር እኩል ነው አሉ። እኔ አይደለም አልሁ። ከዚያም መቀመጫ አቀያይራችሁ መላኩን ከእኔ በፊት አስቀመጣችሁት። እሱም አጭሩን መረጠ። እኔም “መላኩ እንዳለው ነው” ብዬ መለስሁ።

፪. ለምን እንዲህ እንዳልሁ ከእናንተ የጠየቀኝ የለም። ባትጠይቁኝም እነግራችኋለሁ፦ እኔ ባደግሁበት ሶንጎ ሽማግሌ በእንግዳ ፊት ሲሳሳት ጓደኛው አያዋርደውም። ቃሉን አብሮ ይሸከምለትና በኋላ ለብቻው ወስዶ ያርመዋል። እኔ ያን ቀን ትክክለኛውን መስመር አይቼዋለሁ። ያየሁት ግን የመስመሩን ርዝመት ብቻ አልነበረም፤ የጓደኛዬ ዓይን እየጠፋ መሆኑንም ያየሁ መሰለኝ።

፫. በዚያው ሳምንት እሑድ በቤተ ክርስቲያናችን ጉባኤ መካከል ተነሥቼ ምእመናኑ ለመላኩ ዓይን እንዲጸልዩ ለመንሁ። ሁሉም እጃቸውን ዘርግተው ጸለዩለት፤ መላኩም አንገቱን ደፍቶ አሜን አለ። በማግስቱ በሚኒባስ ወደ ዲላ ዓይን ሐኪም ወሰድሁት። መንገዱን ሁሉ “ዓይኔ ደህና ነው፣ አንተ ሰው፤ ተወኝ” ይለኝ ነበር። ዕውርነትን ፈርቶ የሚክድ መስሎኝ እጁን ይዤ ከመኪናው አወረድሁት። ሐኪሟ የሰሌዳዋን ምልክቶች እስከ ታችኛው ረድፍ ሲለይ አይታ፣ ምንም ሕመም እንደሌለበት አረጋገጠችልን። እኔም በቀጣዩ እሑድ ቆሜ ጓደኛዬ በጸሎት መፈወሱን መሰከርሁ። ጉባኤው እልል አለ። መላኩ አሁንም አሜን አለ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ለእናንተ የገባውን የምሥጢር ቃል እየጠበቀ ነበርና፣ ቃሉን የሚያከብር ሰው ስለመረጣችሁ እንኳን ደስ አላችሁ።

፬. ውጤቱን ለሕዝብ ባነበባችሁበት ቀን፣ አንድ የተከበሩ የወናጎ ሽማግሌ፣ አስቀድማችሁ ውሸት ያስጠናችሁትን ጓደኛቸውን ተከትለው፣ ለቡድን ግፊት እጅ መስጠታቸውን አበሠራችሁ። ስሜን ስላልጠራችሁ እጅግ አመሰግናለሁ፤ ወናጎ ውስጥ ያልጠራችሁትን ስም የማያውቅ ሰው የለምና። ዛሬ በሶንጎ ፍርድ ለመስጠት አፌን ስከፍት ከኋላ የተቀመጠ ሰው “መላኩስ ምን ይላል?” ይለኛል።

፭. ከዚህ ወዲህ ስለ ጥናት አሠራር የሚናገር አሮጌ መጽሐፍ ገዝቼ አነበብሁ። ባነበባችሁት ውጤት መሠረት ለማወዳደሪያ ብቻቸውን የጠየቃችኋቸው የዲላ ወጣት ተማሪዎች ናቸው፤ በሰው መካከል የጠየቃችሁት እኛን ሽማግሎችን ነው። ልዩነቱ ከዕድሜ ይምጣ በሰው መካከል ከመጠየቅ በምን እንደለያችሁት እኔ መሃይሙ አልገባኝምና፣ በትርፍ ጊዜያችሁ ብታስረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ወይዘሪት ሳሮን በቅርቡ ቤቴ መጥታ፣ ተሳታፊው እውነቱን ካወቀ ጥናቱ ስለሚበላሽ ማታለሉ ግድ እንደነበር፣ ካታለሉ በኋላ ማስረዳትም የሙያው ደንብ እንደሆነ ገለጸችልኝ። በመጨረሻም የተታለሉ አረጋውያን የተሰማቸውን ስሜት ለምታጠኑበት ለሁለተኛው ምዕራፍ ጋበዘችኝ። ለክብሬ ስላሰባችሁ አመሰግናለሁ። አልመጣም። የተሰማኝን ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ ጤነኛ ሰው እጁን ይዛችሁ ከሚኒባስ አውርዱና እናንተም ቅመሱት።

የጥናታችሁ ፍሬ፣ የወናጎ መሳለቂያ፣ የእናንተም አክባሪ፣
ቦና ጅግሶ
ወናጎ

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው እሑድ መላኩ በጉባኤው ፊት ቆሞ የሠራውን ሁሉ ተናገረ፤ እያለቀሰም ይቅርታዬን ለመነ። ከፊት እስከ ኋላ ያለው ሰው በሙሉ በአንድ ድምፅ አሜን አለና ዞሮ እኔን አየኝ። እኔ አሜን አላልሁም። ለቡድን ግፊት እጅ አለመስጠቴን በጥናታችሁ ላይ እንድታርሙልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ስለዚህ ነገር ከእናንተም፣ ከመላኩም፣ ከማንም ጋር ዳግመኛ አልነጋገርም።